ሰርቬያችሁ በስንት ነጥብ ይሳሳታል? የማኅበራዊ ሚዲያ መጠይቅን ስህተት ለመለካት

አንድ ጊዜ አንድ ትልቅ ግሩፕ ውስጥ ሰርቬይ ለጠፍኩ። ጥያቄው ሰው ከቤቱ ሆኖ መሥራት ይፈልግ እንደሆነ ነበር። በሁለት ቀን 900 ሰው መለሰ፣ 88 በመቶው ‹‹አዎ›› አለ። ደስ አለኝ። ቀመሩን ፈልጌ ሠራሁና ከሥሩ ‹‹የስህተት ኅዳግ ±2.1›› ብዬ በኩራት ለጠፍኩት፤ እውነቱ ከዚህ ቁጥር ወደ ላይም ወደ ታችም ከ2.1 ነጥብ በላይ አይርቅም ማለቴ ነበር። ነገሩ የገባኝ ከሳምንት በኋላ ነው። ለካ አንድ ሰው ሊንኩን ወስዶ የሶፍትዌር ባለሙያዎች ግሩፕ ውስጥ ጥሎታል፤ ከመላሾቼ ከግማሽ በላዩ የመጣው ከዚያ ነበር። ያቺ ±2.1 ስለዚህ ጉዳይ የምታውቀው ነገር አልነበረም። ልታውቅም አትችልም።

ያኔ ማንም ያልነገረኝን ልንገራችሁ። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሚሠራ ሰርቬይ ትልቁ ስህተቱ በኅዳግ ቀመር አይገኝም። የሚገኘው መልሱን ቀድማችሁ የምታውቁትን ጥያቄ መጠይቁ ውስጥ ስትከቱ ነው። እዚያ እስክንደርስ ግን ጥቂት ሒሳብ አለ። ከባድ አይደለም፣ ኤክሴል ወይም የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል።

መጀመሪያ፦ ስለ ማን ነው የምታወሩት?

‹‹ሰው ምን ያስባል›› ከማለታችሁ በፊት ‹‹ሰው›› ያላችሁት ማን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። የግሩፑ አባላት ናቸው? የመድረኩ ተጠቃሚ ሁሉ ነው? ወይስ ዕድሜው ከ18 በላይ የሆነ ነዋሪ በሙሉ? አንዱ ላይ የሚሠራ ሰርቬይ ሌላው ላይ ገደል ሊገባ ይችላል።

ከዚያ በእናንተና በዚያ ሕዝብ መካከል ያሉትን በሮች ቁጠሩ። ኢንተርኔት የሌለው ሰው የመጀመሪያው በር ላይ ቀረ። ኢንተርኔት ኖሮት እዚያ መድረክ ላይ አካውንት የሌለው ሁለተኛው ላይ ቀረ። አካውንት ኖሮት የመድረኩ አልጎሪዝም (ማን ምን እንዲያይ የሚመርጠው ፕሮግራም) የለጠፋችሁትን ያላሳየው ሦስተኛው ላይ፣ አይቶት በጣቱ ገፋ አድርጎ ያለፈው አራተኛው ላይ፣ ጀምሮ መሀል ላይ ሰልችቶት የዘጋው ደግሞ አምስተኛው ላይ። እጃችሁ የገባው አምስቱንም ያለፈ ሰው ብቻ ነው። በየበሩ አንድ ነገር ጠይቁ፦ እዚህ የቀረው ሰው እኔ በምጠይቀው ጉዳይ ላይ ካለፈው ይለያል? የማይለይ ከሆነ እሰየው፣ በሩ ጉዳት የለውም። የሚለይ ከሆነ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚጎትታችሁ አሁኑኑ ጻፉ። ውጤቱን ካያችሁ በኋላ ብትጽፉት ራሳችሁን ትሸነግላላችሁ።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ቁጥሮቹ ለሒሳብ እንዲመቹ ብዬ የፈጠርኳቸው ናቸው። ጥያቄያችሁ ‹‹ማታ እንቅልፍ ከመውሰዱ በፊት መጨረሻ የምታዩት ነገር ስልካችሁ ነው?›› የሚል ነው እንበል። ማወቅ የምትፈልጉት ስለ አዋቂው ነዋሪ ሁሉ ነው። 8,000 ሰው ፖስቱን አየ፣ 1,200 መለሰ፣ 780ው ‹‹አዎ›› አለ። 65 በመቶ ማለት ነው።

ይሄ ጥያቄ ገና ከጅምሩ መርዝ አለበት። ለምን? ስልክ ላይ የሚያድር ሰው ፖስታችሁን የማየት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ስለ ስልክ አጠቃቀም በስልክ መጠየቅ ስለ ዋና ችሎታ ገንዳ ውስጥ ገብቶ እንደ መጠየቅ ነው።

ኅዳጉን ሥሩ፣ ግን አትስከሩበት

የ‹‹አዎ›› ድርሻ በ‹‹አይደለም›› ድርሻ ይባዛል፣ ለመላሹ ቁጥር ይካፈላል፣ ስኩዌር ሩቱ ይወሰዳል፣ በ1.96 ይባዛል። 0.65 ሲባዛ በ0.35፣ 0.2275 ነው። ለ1,200 ሲካፈል 0.00019 ገደማ ይመጣል። ስኩዌር ሩቱ 0.0138፣ በ1.96 ሲባዛ 0.027። ስለዚህ ±2.7 ነጥብ። 1.96 የመጣችው ከተለመደው የ95 በመቶ መተማመኛ ነው፤ ጥናቱ መቶ ጊዜ ቢደገም 95 ጊዜ ያህል እውነቱ ኅዳጉ ውስጥ ይገኛል ማለት ነው።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ኅዳጉን በግማሽ ለመቀነስ የመላሹን ቁጥር አራት እጥፍ ማድረግ ይጠይቃል። ሐሳብ እኩል ለእኩል ሲከፈል 100 ሰው ±10 ገደማ ይሰጣል፣ 400 ሰው ±5፣ 1,600 ሰው ±2.5። ሌላው፣ ለንዑስ ቡድን ኅዳጉ ለብቻው ይሠራል። ከ1,200ው ሴቶቹ 300 ከሆኑና 80 በመቶዎቹ ‹‹አዎ›› ካሉ የእነሱ ኅዳግ ±4.5 ነው። ሰው ይሄን ይረሳና የጠቅላላውን ኅዳግ ለሁሉም ይለጥፋል።

ይሄ ቀመር ግን የሚሠራው አንድ ነገር እውነት ከሆነ ነው፦ መላሾቹ ከሕዝቡ መካከል በዕጣ ከወጡ። እያንዳንዱ ሰው የመመረጥ ዕድሉ የታወቀ ከሆነ። የእናንተ መላሾች ግን በዕጣ አልወጡም፣ ራሳቸው ናቸው የመጡት። ለዚህ ነው የአሜሪካ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ማኅበር፣ ሰው በራሱ ፈቃድ ገብቶ ለሚሞላው ሰርቬይ የተለመደውን ኅዳግ መለጠፍ አሳሳች ነው የሚለው።

ደግሞ በደንብ የተሠሩትም ቢሆኑ አይድኑም። እ.ኤ.አ. በ2018 የስታቲስቲክስ ምሁሩ አንድሩ ጌልማን ያሉበት ቡድን በአሜሪካ 608 ምርጫዎች ላይ የተሠሩ 4,221 ቅድመ ምርጫ ጥናቶችን ከመጨረሻው የድምፅ ቆጠራ ጋር አነጻጽሮ ነበር። እውነተኛው ስህተት በአማካይ 3.5 ነጥብ አካባቢ ሆኖ ተገኘ፤ የታተመው ኅዳግ ከሚያስገምተው ሁለት እጥፍ ያህል መሆኑ ነው። እነዚህ እንግዲህ በባለሙያ የተሠሩ፣ በጀት ያላቸው ናቸው። የኛን አስቡት።

ሼር ያደረጉላችሁ ሰዎች ጉዳይ

ወደዚያ ወደ ሶፍትዌር ግሩፕ ልመለስ። ሰርቬይ በሼር ሲዛመት መላሾቹ በጅምላ ነው የሚመጡት፤ የአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች፣ የአንድ ዘመን ተማሪዎች፣ የአንድ ሰው ተከታዮች። አንድ ላይ የመጡ ሰዎች ይመሳሰላሉ። ስለዚህ 40 ሰው ከአንድ ቦታ ሲመጣ የ40 ሰው ያህል አዲስ መረጃ አታገኙም።

ይሄን ለመለካት መላው በጣም ቀላል ነው፤ እኔ ግን ሁለት ሦስት ሰርቬይ ካበላሸሁ በኋላ ነው የጀመርኩት። ለእያንዳንዱ የምትለጥፉበት ቦታ የተለየ ሊንክ አዘጋጁ። መጠይቁ ያው ነው፣ ሊንኩ ጫፍ ላይ የምትጨመረው ኮድ ብቻ ትለያያለች። ከዚያ ማን ከየት እንደመጣ በአንድ ዓምድ ላይ ቁጭ ይልላችኋል።

1,200ው ሰው ከ30 ሊንክ የመጣ፣ ከእያንዳንዱ 40 ሰው እንበል። በአንድ ሊንክ የመጡ ሰዎች መመሳሰል 0.05 ቢሆን (ዜሮ ማለት ከየትኛውም እንግዳ ሰው ጋር ከሚመሳሰሉት በላይ አይመሳሰሉም ማለት ነው፣ አንድ ማለት ሁሉም አንድ ዓይነት መለሱ ማለት ነው) ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ከ40 አንድ ቀንሱ፣ 39ኙን በ0.05 አባዙ፣ አንድ ጨምሩ። 2.95 ይመጣል። 1,200ን ለ2.95 ስታካፍሉ 407። እነዚያ ሁሉ ሰዎች የ407 ሰው ያህል ነው የሚመዝኑት። ኅዳጉም ከ±2.7 ወደ ±4.6 ዘለለ። 0.05 ደግሞ ሲያዩዋት ኢምንት ነገር ትመስላለች።

መመሳሰሉን ማስላት ካስቸገራችሁ ሌላ መንገድ አለ። 30ዎቹን ሊንኮች እንደ ዕጣ ቁጥር ቁጠሯቸው። ከመካከላቸው 30 ጊዜ ዕጣ አውጡ፤ የወጣውን መልሳችሁ እየከተታችሁ፣ ስለዚህ አንዱ ሊንክ ሁለት ሦስት ጊዜ ሊወጣ፣ ሌላው ጭራሽ ሊቀር ይችላል። በወጡት ሊንኮች ስር ያሉትን ሰዎች ሁሉ ይዛችሁ መቶኛውን አስሉ። ይሄን 1,000 ጊዜ ድገሙት፤ ፓይተን በተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋ ጥቂት መስመር ነው። ከ1,000ው ውጤት ዝቅተኛውን 25 እና ከፍተኛውን 25 ስትጥሉ የቀረው ክልል ኅዳጋችሁ ነው። ዋናው ነገር ዕጣው ሊንክ ላይ መውጣቱ ነው። ሰው ላይ ካወጣችሁት ወደዚያችው ወደ ±2.7 ትመለሳላችሁ።

ክብደት መስጠት

ከመላሾቻችሁ 900ው ወንዶች፣ 300ው ሴቶች ናቸው። ሕዝቡ ግን ግማሽ በግማሽ ነው እንበል። ከወንዶቹ 540 ‹‹አዎ›› አሉ፣ 60 በመቶ። ከሴቶቹ 240፣ 80 በመቶ። ጥሬው ውጤት 65 የሆነው ወንዶች ስለበዙ ነው።

ክብደት ማለት በሕዝቡ ውስጥ ያለው ድርሻ ለናሙናው ድርሻ ሲካፈል ነው። ለወንድ 0.50 ለ0.75፣ ማለትም 0.67። ለሴት 0.50 ለ0.25፣ ማለትም 2። አንዷ ሴት እንደ ሁለት ሰው፣ አንዱ ወንድ እንደ ሁለት ሦስተኛ ሰው ተቆጠሩ። አዲሱ ውጤት 70 በመቶ።

ይሄ በነፃ አይገኝም። ክብደት በሰጣችሁ ቁጥር የናሙናው ጉልበት ይቀንሳል። ሌስሊ ኪሽ የተባሉት የናሙና ሊቅ ያስተዋወቋት ቀመር አለች፦ የክብደቶቹን ድምር በራሱ አባዙ፣ ከዚያ እያንዳንዱ ክብደት በራሱ ተባዝቶ ለሚገኘው ድምር አካፍሉ። የኛ ድምር 1,200 ነው፣ በራሱ ሲባዛ 1,440,000። ሁለተኛው ድምር ከወንዶቹ 400፣ ከሴቶቹ 1,200፣ ባንድ ላይ 1,600። 1,440,000 ለ1,600፣ 900። ከ1,200 ሰው 300ው ተነነ። የሊንኩን ጉዳይ ደግሞ ደርቡበት፤ 900 ለ2.95 ሲካፈል 305 ነው። ኅዳጉ አሁን ±5.1 ደረሰ። መጀመሪያ ከጻፍነው ±2.7 ጋር አስተያዩት።

ለስልክ አጠቃቀም ጥያቄያችን ከፆታ ይልቅ የሚያስፈልገው ሌላ ክብደት ነው። ‹‹ባለፉት 7 ቀናት ስንቱን ቀን ይህን መድረክ ከፈታችሁ?›› ብላችሁ ጠይቁ። ፖስታችሁ ለአንድ ቀን ብቻ ከቆየ፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቅ የሚል ሰው ሊያየው የሚችለው በየቀኑ ከሚከፍተው ሰው አንድ ሰባተኛ ያህል ነው። ስለዚህ 7ን ለመለሰው ቀን አካፍሉና ክብደት አድርጉት። በየቀኑ የሚገባው 1 ያገኛል፣ አልፎ አልፎ የሚመጣው 7። ይሄ ክብደት ኅዳጉን ክፉኛ ሊያሰፋው ይችላል፤ ሲያሰፋው ደግሞ መቀበል ነው።

ክብደት ተአምር ይሠራል? አንዳንዴ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ ምርጫ ወቅት ተመራማሪዎች በኤክስቦክስ የጨዋታ መሣሪያ ላይ ወደ 346 ሺህ ሰው ጠይቀው ነበር። 93 በመቶው ወንድ ነበር። ከዚህ የባሰ የተዛባ ናሙና ለመፈለግ እንኳን ያስቸግራል። ግን ሰዉን በፆታ፣ በዕድሜ፣ በትምህርት፣ በክፍለ ግዛት፣ በፖለቲካ ዝንባሌና ባለፈው ምርጫ ማንን እንደመረጠ ጭምር ከፋፍለው በጠንካራ ሞዴል ሲያስተካክሉት ከባለሙያ ጥናቶች ጋር የሚፎካከር ትንበያ አወጡ። የሠራላቸው ለጉዳዩ ወሳኝ የሆኑትን ነገሮች ስለጠየቁ ነው፤ በተለይ ያለፈውን ምርጫ። በፆታና በዕድሜ ብቻ ቢያቆሙ እዚያ አይደርሱም ነበር።

ሰው ቢበዛስ?

ይሄን ጥያቄ ሁሌ እጠየቃለሁ። ‹‹እሺ፣ 1,200 ትንሽ ነው፤ 200 ሺህ ቢመልስስ?››

እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ውስጥ በኮቪድ ክትባት ላይ የሆነው ለዚህ መልስ ነው። ዴልፊ የተባለው የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ቡድን ከፌስቡክ ጋር ሆኖ በየሳምንቱ ወደ 250 ሺህ መላሾች ያሉት ሰርቬይ ያካሂድ ነበር። አክሲዮስ የተባለው የዜና ድርጅትና ኢፕሶስ የተባለው የጥናት ኩባንያ ደግሞ በአንድ ዙር ወደ 1,000 ሰው ብቻ ይጠይቁ ነበር። ቢያንስ አንድ ዶዝ የወሰደው አዋቂ ስንት እንደሆነ መንግሥት መዝግቦታል፣ ስለዚህ እውነቱ በኋላ ታወቀ። በግንቦት ትልቁ ሰርቬይ በ17 ነጥብ አጋንኖ ተገኘ። ትንሹ ግን ከእውነቱ ብዙም አልራቀም። ይሄን ያጠኑት ተመራማሪዎች በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ሲያትሙት ያ ሁሉ 250 ሺህ ሰው በዕጣ ከወጣ 10 ሰው አይበልጥም አሉ። አዎ፣ አሥር። የፌስቡኩ ሰርቬይ ክብደት አልነበረውም እንዳትሉ፣ ነበረው፤ በዕድሜና በፆታ። በትምህርት ደረጃና በዘር ግን አልነበረም።

ምክንያቱን ቀደም ብሎ በ2018 በቀመር ያስቀመጡት የሐርቫርዱ የስታቲስቲክስ ሰው ሺያዎ-ሊ ሜንግ ናቸው። ነገሩ ወዲህ ነው፦ መልስ መስጠትና የሚጠየቀው ነገር በጥቂቱም ቢሆን ከተያያዙ፣ ያቺ ትንሽ ዝምድና ሕዝቡ በበዛ መጠን ትገዝፋለች። ልክ እንዲህ ታሰላላችሁ። ናሙናችሁ ከሕዝቡ 1 በመቶ ነው፣ 0.01 ለ0.99 ሲካፈል 0.0101 ነው። ዝምድናው ግማሽ በመቶ፣ ማለትም 0.005 ነው፤ በራሱ ሲባዛ 0.000025። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉ፦ 404። በ2016ቱ የአሜሪካ ምርጫ ይሄ 2.3 ሚሊዮን መላሽ ነበር። 2.3 ሚሊዮን ሰው ጠይቃችሁ የ400 ሰው ዕጣ ያህል መረጃ ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ክፋቱ ደግሞ የምትለጥፉት ኅዳግ የ2.3 ሚሊዮኑ መሆኑ ነው፤ ኢምንት። እና ስህተቱ ላይ በሙሉ ልብ ትቆማላችሁ።

ያልመለሱትን ከመለሱት መገመት

መልሶቹን በመጡበት ቅደም ተከተል ሦስት ቦታ ክፈሏቸው። ከመጀመሪያዎቹ 400 መላሾች 288 ‹‹አዎ›› ብለዋል፣ 72 በመቶ። ከሁለተኛዎቹ 260፣ 65 በመቶ። ከመጨረሻዎቹ 232፣ 58 በመቶ። ቁልቁል እየሄደ ነው። መጨረሻ የመለሰው ሰው ማስታወሻ ሲላክለት፣ ሲጎተት የመጣ ነው፤ ጭራሽ ካልመለሰው ሰው ጋር ይበልጥ ይቀራረባል ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ ያልመለሱት ከ58 በታች ሳይሆኑ አይቀሩም። ማስረጃ አይደለም፣ ፍንጭ ነው። የፆታው ክብደት ግን ወደ 70 ገፍቶን እንደነበር አስታውሱ። አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች እየጎተተ ነው። ይሄን ስታዩ አንዱን መርጣችሁ ሌላውን አትደብቁ።

ሁለተኛዋ ስሌት ደግሞ ይቺ ናት፦ ያልመለሱት ድርሻ ሲባዛ በመለሱትና ባልመለሱት መካከል ባለው ልዩነት። ካዩት 8,000 ሰዎች ያልመለሰው 85 በመቶ ነው። ያልመለሱት ውስጥ ‹‹አዎ›› የሚለው 50 በመቶ ቢሆን ከ65 ጋር ያለው ልዩነት 15 ነው። 0.85 በ15፣ 12.75 ነጥብ መዛባት። እውነተኛው ቁጥር ወደ 52 ወረደ። ልዩነቱን 5፣ 10፣ 20 እያደረጋችሁ ሞክሩት፣ መደምደሚያችሁ ስንት ላይ ሲደርስ እንደሚገለበጥ ታያላችሁ። ያ ስንት ‹‹ሊሆን አይችልም›› የሚባል ትልቅ ከሆነ እፎይ በሉ። 5 ላይ የሚገለበጥ ከሆነ ውጤት አለን አትበሉ።

ጭልጥ ያለ ተጠራጣሪ ከሆናችሁ ደግሞ ያልመለሱት ሁሉ ‹‹አይደለም›› ቢሉና ሁሉም ‹‹አዎ›› ቢሉ ብላችሁ አስሉ። ከ10 እስከ 95 በመቶ አካባቢ ይመጣል። አያስቅም? ግን ምንም ግምት ሳይጨመርበት ዳታው ብቻውን የሚናገረው ይሄንኑ ነው።

አሁን የምታውቁትን ጠይቁ

እስካሁን ያለው ሁሉ ግምት ነው። ይሄኛው ግን ልኬት ነው፣ ለዚህም ነው አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ጽሑፍ ውሰዱ ብባል ይሄን የምለው።

መጠይቁ ውስጥ ሁለት ሦስት ጥያቄ ጨምሩ፤ መልሳቸው ከሕዝብ ቆጠራ ወይም ከሌላ አስተማማኝ መዝገብ የሚታወቅ። ያገባ ስንት ነው? ቤቱ ውስጥ ሕፃን ልጅ ያለው? መንጃ ፈቃድ ያለው? የኮሌጅ ዲግሪ ያለው? ከእነዚህ ግማሹን ለክብደት ተጠቀሙበት። ግማሹን ግን እንዳትነኩት። ክብደት የሰጣችሁበት ነገር ከእውነቱ ጋር መግጠሙ የግድ ነው፣ እናንተ ናችሁ ያስገጠማችሁት፤ ስለዚህ ምንም አያረጋግጥም። ያልነካችሁት ነው ፈታኙ።

በምሳሌያችን፣ ቆጠራው ያገባው ሰው ድርሻ 55 በመቶ ነው ይላል እንበል። የእናንተ ናሙና ክብደት ከተሰጠው በኋላ 46 ይላል። 9 ነጥብ ስታችኋል። ባልነካችሁት ጥያቄ ላይ 9 ነጥብ ከሳታችሁ በዋናው ጥያቄ ላይ 2.7 ብቻ እስታለሁ የምትሉት በምን አንጀታችሁ ነው?

ሁለቱን ስህተት አንድ ላይ አምጡ። ከኅዳጉ ±5.1 ለ1.96 ስታካፍሉ 2.6 ይሰጣል፣ ይሄ መደበኛ ስህተቱ ነው። 2.6ን በራሱ አባዙ፣ 6.8። 9ን በራሱ አባዙ፣ 81። ደምሩ፣ ስኩዌር ሩቱን ውሰዱ። 9.4። ልብ በሉ፤ የናሙና ስህተቱ ጨርሶ ባይኖር ኖሮ 9 ነበር። ሌላ 10 ሺህ ሰው ብትጨምሩ የምታተርፉት ያቺን 0.4 ነው። የሚያዋጣው እነዚያ በሮች ላይ የቀረውን ሰው ፈልጎ ማምጣት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የትዳር ጥያቄ ላይ 9 መሳት የስልክ ጥያቄ ላይ በትክክል 9 መሳት ማለት አይደለም፤ ሊያንስም ሊብስም ይችላል። ስለዚህ የምትመርጡት ጥያቄ ከጉዳያችሁ ጋር የሚቀራረብ ይሁን፣ ከተቻለም ከሁለት በላይ ይሁን። ሦስት ጥያቄ ላይ 4፣ 9 እና 7 ከሳታችሁ 9ኙን ያዙ።

የውሸት መላሾች

ይቺን ባጭሩ። ሽልማት ካለው አንዱ ሰው አሥር ጊዜ ይሞላል። አምስት ደቂቃ የሚፈጅ መጠይቅ በ40 ሰከንድ የጨረሰ ሰው አላነበበም፤ ጣሉት። ስንቱን እንደጣላችሁ ግን ጻፉ። አንድ የማይሆን ጥያቄም ጣል አድርጉ። ፒው የተባለው የአሜሪካ የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2022 በፈቃደኝነት በሚሞላ ሰርቬይ ላይ ‹‹ኒውክሌር ሰርጓጅ መርከብ ለመንዳት ፈቃድ አለህ?›› ብሎ ቢጠይቅ ከ30 ዓመት በታች ከሆኑት 12 በመቶው አዎ አሉ። እውነተኛው ቁጥር ወደ ዜሮ የሚጠጋ ነው። ስለዚህ አንድ በጣም ብርቅ ነገር በእናንተ ሰርቬይ 8 ወይም 10 በመቶ ሆኖ ብቅ ካለ፣ ግኝት አገኘሁ ብላችሁ ከመሮጣችሁ በፊት ዝም ብሎ ‹‹አዎ›› የሚጫነው ሰው ስንት እንደሆነ አጣሩ።

ኤክስ ላይ ያለው ፖል ለዚህ ሁሉ አይመችም። አራት ምርጫ፣ ቢበዛ ሰባት ቀን፣ ስለ መራጩ ግን ምንም አይነግራችሁም። ክብደት መስጠት፣ ሊንክ መለየት፣ የታወቀ ጥያቄ መክተት የለም። ለጨዋታ ይሁን። ለሥራ ከሆነ ሰዉን ከመድረኩ አውጥታችሁ ወደ ራሳችሁ ፎርም ምሩት።

ስትጽፉት

±2.7 የምትለዋን አጥፏት። በምትኩ እንዲህ ዓይነት ነገር ጻፉ፦ ‹‹በ30 ሊንክ የመጡ 1,200 ሰዎች በራሳቸው ፈቃድ መልሰዋል። በፆታ ከተስተካከለ በኋላ 70 በመቶው ማታ መጨረሻ የሚያዩት ስልካቸውን ነው ብለዋል። በቆጠራ በሚታወቅ አንድ ጥያቄ ላይ ናሙናው 9 ነጥብ ስቷል፣ ዘግይተው የመለሱትም ‹አዎ› ያሉት ባነሰ መጠን ነው፤ ስለዚህ እውነተኛው ቁጥር ከ70 በታች የመሆን ዕድሉ ያመዝናል፣ ከ60 ወይም ከዚያ ዝቅ ቢልም አይገርመንም።›› ይሄን ስታነቡት ደካማ ይመስላል። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ግን አስተያየት መስጫው ላይ ‹‹እናንተ የጠየቃችሁት የራሳችሁን ሰው ነው›› ብሎ የሚመጣው ሰው የሚለውን ሁሉ ቀድማችሁ ብላችሁታል፣ በቁጥር ጭምር።

ያንኑ ሰርቬይ ከስድስት ወር በኋላ የመድገም ሐሳብ ካላችሁ ሊንኮቹንም፣ የለጠፋችሁበትን ቦታም፣ የጥያቄውን አጻጻፍም እንዳለ አስቀምጡት። መዛባቱ ያው እስከሆነ ድረስ ከሁለቱ ውጤት ልዩነት ላይ ይጠፋፋል፤ 70 ትክክል ባይሆን እንኳ ‹‹ከ70 ወደ 62 ወረደ›› የሚለው ትክክል ሊሆን ይችላል። ያው እንደሆነ የምታውቁት ደግሞ የትዳሯ ጥያቄ ሁለተኛም ጊዜ 46 አካባቢ ከመጣች ነው። 51 ካለች የተቀየረው የሰዉ ልማድ ነው ወይስ ፖስታችሁን ያየው ሰው ነው የሚለው መጀመሪያ መመለስ አለበት።